ነጭ ሰንበር

ሱ ፎልስ፣ ነዳጅ ማደያ፤ ሌሊቱ ሊጋመስ፣
መሳቢያዬን ስቆጥር፣ ሳንቲም ስመልስ፣
አንዲት ሃያ ወጣች፣ ነጭ ሰንበር ያረፈባት፣
የሰውዬውን ፊት ለሁለት፣ ቀለም የዘለላት።

ሲነጋ ዴል አለቃዬ ገልመጥ አርጎ አያት፤
«ፎርጅድ ናት» አለ፤ «ከደሞዝሽ ጻፊያት»።
የራሴን ሃያ ከቦርሳ አውጥቼ ተካሁ፤
ጥርጣሬን፣ በሕይወቴ፣ በጥሬ ገንዘብ ገዛሁ።

በጥፍሬ ኮሌታውን ፈተግኩት፤ ሻከረኝ።
በመስኮት ብርሃን ያዝኳት፤ ክሯ አልተሰወረኝ፤
ጥላው ሰውዬም አለ፣ ጎኗ ላይ ተደብቆ፣
ቀይና ሰማያዊው ፈትል ከገላዋ ዘልቆ።
ግን አንዱ ሥራ ፈት፣ በረኪና ነክሮ
አጥቧት ቢሆንስ? አልኩ፣ እንቅልፌ በሮ።

ማክሰኞ ወሰድኳት፣ ለቴምብር ሻጩ ሃልቮርሰን።
አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ቀረቀረ፤
ግራና ቀኝ ጫፏን በእርጋታ ወጠረ።
ሰንበሯ ተከፈተ፣ እንደ ቀሚስ ሽንሽን፤
የገብስ ፍሬ ታህል በለጠች ጓደኛዋን።
«ማሽኑ ሲረግጣት ታጥፋ ነበር» አለ።
«ሐሰት አይደለችም። እውነተኛ ስሕተት ናት።
ሦስት መቶ እሰጥሻለሁ።»
እጄ ቀድሞኝ ኖቷን ወደ ፖስታዋ መለሰ።

ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል፣ ፓምፕ ቁጥር አራት፣
ጭቃ የጠገበ ፒክአፕ፣ የተሰነጠቀ መብራት፤
ደረቱ ላይ «ትሮይ» የሚል ስም የተሰፋ።
ያችን ሃያ የሰጠኝ እሱ ነው፤
ለቀሪው፣ ከኪሱ ጥግ ሳንቲም ለቅሞ አሟልቶ።

እሷስ ተመረመረች፣ ተወጥራ፣ በብርሃን ታይታ፤
የሷ ስሕተት ነው።
እኔ ግን ነገ ማታ «ደኅና እደር» ብዬ ብሸኘው፣
የዝምታዬ ስም ስሕተት አይሆንም።

ዛሬ ረቡዕ ነው።