አሥራ አንድ ሰከንድ

ኮዳምባካም ሰፈር፣ በቆርቆሮ ጣራ፣
ግንቦት ከላይ ሲነድ፣ ታች ፓውዛው ሲያበራ፣
ከቦቴ መኪና ዝናብ ይቀዳሉ፤
ለአንድ መስኮት ብቻ በልክ ያዘንባሉ።
ውሃ ከጠፋበት፣ ከማዶው መንደር ላይ፣
ባልዲ ያሰለፉ ሴቶች ይስቃሉ።

ፊልሙ የፍቅር ነው፤ በስልክ የጀመረ፣
ዓይን ለዓይን ሳይተያይ ጽሑፍ ያፋቀረ።
እሱ ቼናይ ውስጥ ነው፣ ምግብ በሞተር አዳይ፤
እሷ ቱቱኩዲ፣ ጨው ሜዳው ዳርቻ ላይ፣
የከረጢት ቁጥር ቀን በደብተር ጽፋ፣
ማታ ለሱ ጽፋ መልሳ የምታጠፋ።

ይህ በወረቀት ነው።
አዳራሹ ውስጥ ግን ኢኒያን ተጋድሟል፣
ስልኩ ላይ አፍጥጦ ፈገግ ብሎ ያያል፤
የሚታይ የለውም፤
አረንጓዴ ወረቀት ተለጥፎበታል፤
ፍቅሩን ሌላ ጊዜ ኮምፒውተር ይሞላል።
ባለ ታሪኳ ደግሞ ገና አልደረሰችም፤
መስከረም ነው መምጫዋ፤ ታሚልም አትችልም።
ፊቷ የአንዲት ሴት፣ ድምጿ የሌላዪቱ፣
የሚጽፈው ጣት ግን የኩይሊ ነው፤ የመዝጋቢዪቱ።

ኩይሊ ማለት ያቺ፣ እርሳስ ጸጉሯ ውስጥ ሰክታ፣
ልጁ ስንት ቁልፍ ከሸሚዙ እንደ ፈታ፣
ሻዩ ከብርጭቆው ስንት ጣት እንደ ጎደለ
የምትመዘግብ ናት፤ ደብተሯ ያልያዘው የለ።

አዘጋጁ ሴንጎዳን ሦስት ነጥብ አማረው፤
ሰው ሲጽፍ ስልኩ ላይ ብልጭ የሚለው።
«በኮምፒውተር አይሆንም! ተመልካች ያውቃል፤
ነጥብ ሲተነፍስ፣ ሲዋሽም ይለያል።
አንዷ እውነት ትጻፍ። አሥራ አንድ ሰከንድ።
ከዚያ ታጥፋው፤ በቃ።»

ሙኒያንዲ፣ ዕቃ ያዥ፣ አንዱን ስልክ ጨብጦ
ካሜራው ፊት ቆመ፣ ትንፋሹንም ውጦ፤
ኩይሊ ሌላውን ይዛ ግድግዳው ጀርባ ዞረች፣
ቱቦው ከሚያፈስበት በርጩማ ላይ አረፈች።
ሦስት ነጥብ ብልጭ። ዘጠኝ… አሥር… ጠፋ።
«ድገሙ!»

አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተጽፎ ተደመሰሰ፤
አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ቱቦው አለቀሰ፤
ከሰባተኛው በኋላ
ነጥቡ ጠባይ ለወጠ፤ ይቆማል፣ ያመነታል፤
ለደሞዝ የሚጽፍ ጣት መች እንዲህ ያቅማማል?

በኛ ፊደል ቢሆን
ሁለት ነጥብ ቃልን ከቃል ይለያል፤
አራት ነጥብ ሲያርፍ ነገር ይዘጋል፤
ሦስቱን የቀድሞ ሰው ለጥያቄ ያቆማል።
ሙኒያንዲ ይህን ከየት ያውቃል?
እሱ የሚያውቀው ክንዱ መዛሉን ነው፤
የያዘውን ነገር አለመጣሉን ነው።

ማታ፣ ስልኮቹን ለአከራዩ ሊመልስ
የኩይሊን ስልክ አንሥቶ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለ፤
ይሠራ እንደሆነ ስሙን ሊጽፍበት
«ሙ» ብሎ ጀመረ፤
ስልኩ ቀሪውን ከራሱ ጨመረ፦
ሙኒያንዲ።
ቀጥሎም፦ እጅህ።
ቀጥሎም፦ አልደከመም?
ድርሰቱ ውስጥ የሌሉ፣ ማንም ያልደረሳቸው፣
ሴት ጽፋ ያጠፋቻቸው፣ ማሽን ያልረሳቸው።
አንድ ቀን ቢያሳድር ኪራይ ይጨምራል፤
መለሰው። ፈረመ። ምን ሊያደርግ ይችላል?
ኩይሊም በማግስቱ ለሌላ ፊልም ሥራ
ወደ ሃይደራባድ በባቡር ተሳፍራ…

ማዱራይ፣ ሲኒማ ቤት፣ ሦስተኛው ሳምንት፤
ኦቾሎኒ በጥቅል፣ ፊሽካና ጩኸት፤
ከዚያ ሦስቱ ነጥብ ግድግዳ አከሉና
አዳራሹ ጸጥ አለ፣ ፊሽካውም ቆመና
ሁሉም ነጥቡን አየ።
እሱ ግን ከምስሉ ጥግ፣ ማንም የማያየው፣
ስልኩን የደገፈ አውራ ጣቱን ነው ያየው፤
ጥፍሩ የተሸረፈ፣ ግን ቀጥ ብሎ የቀረ።
«አልደከመኝም» አለ
በጨለማው፣ ለብቻው፤
አጠገቡ ያሉት ሴትዮ «ዝም በል እንጂ!» አሉት፣
ኦቾሎኒም ሰጡት።