አስራ አንድ ቁጥር

በረዶ ከጣራው ተንዶ ሲወርድ በጓሮ በኩል፣
ቺጉሳ መጣች፤ በአንድ እጇ ጎማ፣ በአንድ እጇ ፔዳል።
«ኦኖዴራ ሳን፣ ወለቀ፤ ደግሞ የግራው ነው።»
አየሁት። አስራ አንድ ቁጥር፣ ቀዩ፣ ቀለሙ የተላጠው፣
ባለ አንድ ጎማው ሽማግሌ፣
ስንቱን የትምህርት ቤት ልጅ ከወለል ያላተመው፣
ስንቱን ሚዛን ያስጨበጠው።

በመከር አጥብቄው ነበር።
ከበረዶ በፊትም ደግሜ፣ መፍቻው ላይ ተንጠልጥዬ፣
ምክርም መርቄ፣ የዕድሜ ነገር፣ ሳትጠይቀኝ «ስሚ» ብዬ፦
«አረጋገጥሽ ልክ አይደለም፤ እግርሽ ወደ ውጭ ያመልጣል።
እንዲህ ለሚረግጥ ሰው ብረት ምን ይበረክታል?»
ዝም ብላ ሰማችኝ። እግሯን አየች።
ከዚያ ወዲህ በኮሪደሩ ስታልፍ
ጫማዋን እያየች፣ እያቀናች ነበር የምትራመድ፤
ይኼንን ግን ያስተዋልሁት ዛሬ ነው፣
ነገሩ ካለፈ በኋላ።

መብራቱን አስጠጋሁ፣ መነጽሬን ጠረግሁ።
የፔዳሉ ጥርስ ደህና ነው፤ የክንዱ ድድ ነው ያለቀ፣
ጣቴን ብሰድበት ብናኙ ከግራሶው ጋር ተጣበቀ።
የወዲያኛውም ክንድ አልተረፈ፤
ዘንጉን የሚነክስበት አራት ማዕዘን
ማዕዘኑን ጥሎ ወደ ክብ አዘንብሏል፣
በረገጡት ቁጥር «ቋ» ይላል፣
ደረጃ ስወጣ እንደ ጉልበቴ።

ክንዱን በጨርቅ ወለወልሁት፤
ከዝገቱ ሥር አንድ የላቲን ፊደል ወጣ፣
ፋብሪካው ብረቱ ላይ በምት ያተመው፦
ቀኝ ነኝ የሚል።
በግራ እግሯ በኩል ተቀምጦ፣
ቀኝ ነኝ የሚል።

ሙያው ለማያውቅ ላስረዳ።
የቀኝ ፔዳል እንደ ማንም ቡሎን ነው፣ ወደ ቀኝ ሲሉት ይጠብቃል፤
የግራው ጥርስ ተቃራኒ ነው፣ ወደ ግራ ካልሉት እምቢ ይላል።
በየቦታቸው ካሉ፣
ልጅ ወደፊት በጋለበ ቁጥር እየጠበቁ ይሄዳሉ።
ቦታ ከተቀያየሩ ግን
ወደፊት ማለት መፍታት ነው፤
የማክሰኞው ልምምድ፣ የሐሙሱ ልምምድ፣ ያ ሁሉ ላብ
በገዛ እግር መፍታት ነው፣
ጥርስ ጥርስን እየበላ፣ በጥቂት በጥቂቱ።

ማን ገለበጠው?
የጥገና ደብተሩን ገለጥሁ።
«ሐምሌ። አስራ አንድ ቁጥር። የተቀደደ ኮርቻ ተቀየረ።»
ፊርማው የማን እንደሆነ ለማወቅ መነጽር አላስፈለገኝም።
ኮርቻውን ስሰካ ፊቱን ወደ ኋላ ሰክቼዋለሁ።
የዚህ ዕቃ ሹካ ፊትና ጀርባው አይለይም፤
የሚያውቁት ሁለቱ ክንዶች ነበሩ፣
እነሱንም ዝገት አፋቸውን ይዟቸው ኖሯል።
ሰባት ወር ሙሉ ልጅቷ ወደፊት ስትሄድ
ብረቱ ወደ ኋላ ይሄድ ነበር።

ጠርዙ ከተሰበረው ከአራት ቁጥር ሁለት ክንድ ነቀልሁ።
ያረጁትን መንቀያው ሲገፋቸው ጮኹ፣ ከዚያ ለቀቁ።
ኮርቻውን ግማሽ ዙር፣
ግማሽ ዙር ብቻ አዞርሁ፤
ሥራው ይኼው ነበር፣ በሐምሌም ይኼው ነበር።

ቺጉሳ ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣለች።
«የግራውን አንቺ አስገቢው። መጀመሪያ በጣት፤ መፍቻ አይቸኩልም።»
ወደ ቀኝ ሞከረች፤ እምቢ አላት።
ወደ ግራ፤ ገባ፣ ቅቤ ውስጥ እንደ ገባ ቢላ።
ሳቀች። መፍቻውን ሰጠኋት።
«ጠበቀ?»
«ጠበቀ።»
እኔም ቃሉን ጉሮሮዬ ላይ ይዤ
ትንሽ ጠበቅሁ።

«እግርሽ ልክ ነበር» አልኋት። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»
ጫማዋን አየች፣ አንዱን፣ ከዚያም ሌላውን።
«ሁለቱም?»
«ሁለቱም።»

ወለሉን ሦስት ጊዜ ዞረችው፣ እጇን እንደ ክንፍ ከፍታ፤
ጆሮዬን ጣልሁ፤ «ቋ» የሚል የለም፣
የጎማው ሹክሹክታ ብቻ፣
ከጣራው የሚንጠባጠበው ውኃ ብቻ።

ማታ ደብተሩ ላይ ጻፍሁ፦
የካቲት። አስራ አንድ ቁጥር። ሁለት ክንድ፣ አንድ ፔዳል።
ኮርቻ፣ ግማሽ ዙር።
የብልሽቱ ምክንያት፦ ኦኖዴራ።