የወደቀችው ፊደል

በቡካን ጠረፍ ላይ፣ ነፋስ ጨው ጭኖ በር በሚያንኳኳበት፣
ኢና ጀሲማን ፀጉር ቤት አላት፤ «ግላመር» ይላል የመብራቱ ጽሕፈት።
ይል ነበር ልበል፤
የጥር ማዕበል
ሁለተኛዋን ፊደል ሰብሮ ጥሎባት፣
«ግ» ብሎ ዝም ይላል፣ ከዚያ «መር»፤ መሃሉን ጨለማ ገብቶባት።

ዋቲ ስትራካን፣ ጡረተኛው መምህር፣ ሚስቱን በክንዱ ደግፎ፣
ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል፣ ሽፋኑ የተላጠ የሰዋስው መጽሐፍ ታቅፎ።

«ያቺ የወደቀችው» አላት ኢናን፣ ጣቱን ወደ ደጅ ቀስሮ፣
«ላ» እኮ እንግዳ ናት፤ «ራ» ነበረች በቦታዋ ድሮ።
ግራመር ነው ቃሉ፤ ሰዋስው ማለት ነው፣ የንባብ ሥርዓት፤
ፊደል ላልቆጠረ ዓሣ አጥማጅ ግን፣ መጽሐፍ የገለጠ ሁሉ ጠንቋይ መስሎት፣
ቃሉን በፍርሃት፣ በሹክሹክታ ሲለው፣
ምላስ አዳለጠው፤
ራ ወደቀች፣ ላ ተነሣች፣
ሰዋስው ወጥታ አስማት ገባች።»

(እኛስ ብንሆን? ስም በግእዝ ሲበዛ «አስማት» አይደል?
ቀለም የቆጠረውን ሁሉ «ይደግማል» ስንል
አልኖርን?)

«ከዚያስ?» አለች ኢና፣ መቀሷን አየር ላይ አቁማ።
«ከዚያማ፣
የኮረብታው ስውራን ሰው ዓይን ላይ ሲጥሉት ያንን ግላመር፣
ጎጆው አዳራሽ፣ የደረቀ ቅጠል የወርቅ ዲናር
መስሎ ይታይ ነበር።
ሲነጋ ቅጠል ነው፣ ማታ ወርቅ ብሎ ሰው የቆለለው፤
ማጌጡን የሚያፈርስ ማገጥ ነው፣ አራት ቅጠል ያለው።
አንዷን እኔም አለችኝ፣ በልጅነቴ ከሜዳ ለቅሜ፤
ይኸው ከግሥ እርባታው ገጽ፤ እሷ ደርቃ፣ እኔም አርጅቼ ከርሜ።»

ይሄኔ ቲኒ፣ ከመስታወቱ ፊት፣ ፎጣ በትከሻዋ፣
ሳቅ አመለጣት። «ማናት ያቺ ልጅ? ወርቅ አይመስልም ዞማዋ!»

ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው። ዞማው አመድ፣ ያውም የሳሳ።
ሐኪሞቹ ለዚህ ስም አላቸው፤ ዋቲ ግን ስሙን አላነሣ።
መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ ቀስ አርጎ ዘጋ፣
ማገጧ እንደተኛች፣ ገጿ ሳይዘረጋ።
«እሷማ» አለ፣ «የወደቡ ልጅ ናት፤ ቅዳሜ ጭፈራ አለባት፤
ልጠይቃት ፈርቼ ነው እንጂ፣ ሰነበትኩ ዓይኔን ከጣልኩባት።»

ኢና አበጠረች። ሒሳብም አልጠራች።

ማታ ዶድ፣ መብራት ሠሪው፣ መሰላሉን ተሸክሞ
(መሰላልም በግእዝ ሰዋስው ነው)
«የትኛዋን ፊደል ላምጣ?» አላት፣ ከደጅ ቆሞ።
ቀና ብላ አየች፣
ጨለማዋን፣ በ«ግ» እና በ«መር» መሃል።
«ተዋት፤ ለሌላ ሐሙስ» አለች።