ወገብ የሚደርስ በር

መርከቡ ሲነጋ ወደቡን ተጠጋ፣
ሁለት ሺህ እንግዳ በዳርቻው ዘረጋ።
ፊሎሜና ያንጋ ሚኒባሷን ጠርጋ፣
"ቦኔር በአራት ሰዓት" የምትል ሰሌዳ መስታወት ላይ ሰቅላ፣
ዐሥራ አንድ ሰው ጫነች፣ ዶላሯን ቆጣጥራ፣ ትኬቱን ነቅላ።

መጀመሪያ ዋሻ። ኦኒማ ይሉታል።
ቀይ ክብ፣ ቀይ ነጥብ ጣራው ላይ ተስሏል።
"ካኬቲዮዎች ናቸው፣ ከሁላችን በፊት እዚህ የነበሩ።
ምን ማለት እንደሆን ሊነግሩን የሚችሉ እነሱ ነበሩ፣
ቢኖሩ።"
ካሜራው ጠቅ አለ። ውሃ ተጎነጩ።
ከዋሻው ጥላ ወጥተው በፀሐይ ተንጫጩ።

ሁለተኛ ሪንኮን፤ የንጉሥ ጎተራ፣
ከሆላንድ የመጣ ሹም በቆሎ በቁና ያሰፈረበት ስፍራ።
"ባሪያው ቅዳሜ ጧት ቀለቡን ይዞ ይሄዳል ቤቱ፤
እሑድ ይመለሳል ጨው ወዳለበቱ።"
ይህን ስትናገር ድምጿ አይወጣም፣ አይወርድም፤
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያለችው ነገር ነው፤ ምላስ አያደናቅፍም።

ወደ ደቡብ ሲወርዱ አህዮች መንገድ ዘጉ፤
ከአስፋልቱ መሃል ፈቅ ማለት አልፈለጉ።
"የእነዚህ ቅድመ አያቶች ጨው ሲያጓጉዙ ሞቱ፤
የልጅ ልጆቻቸው ሐኪም ተቀጠረላቸው፣ በትኬት ይጎበኛል ቤቱ።"
ሳቁ። እዚህ ቦታ ሁልጊዜ ይሳቃል።
ሳቁ እስኪያልቅ ድረስ ጣቷ መሪው ላይ ይጠብቃል።

ከዚያ ነጩ መጣ፤
ዓይን የሚያስጨፍን፣ ከምድር የወጣ፣
የጨው ክምር በክምር፣ ከሥሩ ሮዝ ኩሬ፣
ፍላሚንጎ ቆሞ በአንዲት ቀጭን እግሩ፣ እንደ ተረሳ ወሬ።
አራት ሐውልት በባሕሩ ግድም፦ ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ብርቱካን፤
"መርከብ የት እንደሚጭን ከሩቅ የሚለይባቸው በቀን።"
አጠገባቸው ጎጆዎች፤ ተደርድረው፣ ተለስነው፣
በነጭ ኖራ ታጥበው፣ መጫወቻ መስለው።
"ጎንበስ በሉ" አለች። "በሩ ወገብ ነው የሚደርሰው።"

ጎንበስ አሉ። አንድ ሽማግሌ ጉልበቱን ይዞ ተመለሰ።
አንዲት ሴት ገብታ ስትወጣ ባርኔጣዋ ኖራ ለበሰ።
ያን ጊዜ ዮሪስ፣ የስድስት ዓመት ልጅ፣ አይስክሬሙን እየላሰ፣
አንገቱን ሳይደፋ ገባ።
ደግሞ ወጣ። ደግሞ ገባ።
በሩ ልክ ሆነለት፣ እንደ ተሰፋ ካባ።
"የልጆች ቤት ነበር?" አላት።
አፏን ከፈተችው። የለመደችው ጠፋባት።
"የትልቅ ሰው ነበር።"
"ታዲያ የለካው ሰው መለካት አያውቅም ነበር?"

"ለራስህ ስትል ጣፍጥ" ይባላል ለጨው፤
"አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል" ነው ምክሩ፣ መቋጫው።
እዚህ ግን ጣፍጦ መርከብ የተጫነው ጨው፤
ድንጋይ ነህ ተብሎ ከዳር የቀረው ሰው።
ጨው ያወጣው ሌላ፣ ጨዋ የተባለው ሌላ፤
ልዩነቱ ቢፈለግ የአንዲት ፊደል እግር ናት፣ እጨው ላይ ተተክላ።

"የአያቴ ቅድመ አያት" አለች በርከክ ብላ፣ ለልጁ ብቻ፣
"ማ ሴፌ ይሏታል። ጨው በራሷ ጭና፣ በዚያ ባሕር ዳርቻ፣
በሳንቃ ላይ ትሄዳለች ጀልባው እስኪሞላ። እግሯን ጨው በልቶት፣
ዐርብ ሲመሽ ደግሞ ሰባት ሰዓት መንገድ፣ እስከ ልጇ ድረስ፣ ያው እግር ይዟት።"
ልጁ አሰበና፦ "ተቆጥታ ነበር?"
የመርከቡ ጡሩንባ ተነፋ ከባሕር።

ወደ ወደብ ሄዱ። ጨው በትንሽ ከረጢት፣ አምስት አምስት ዶላር፤
ገዙ። አመሰገኑ። ዮሪስ እጁን አወዛወዘ ከደረጃው ዳር።

ማታ ሪንኮን፣ የቁልቋል ሾርባ ድስቱ ላይ እየፈላ፣
ባሏ ቀመሰና፦ "ጨው ረስተሻል" አለ።
"አልረሳሁም" አለች፣ ማንኪያውን ተቀብላ።
የቤታቸው በር ከራሷ በላይ አንድ ክንድ ይተርፋል፤
ዛሬ ስትገባ ለምን ጎንበስ እንዳለች ማን ያውቃል።
ነገ ሁለት መርከብ ነው። ፍሬኑ መታየት ይኖርበታል።