ጠጠሩ

ከታክሲ ስወርድ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ማታ፣
አንድ እግሬን አንስቼ ጫማዬን ስፈታ፣
ግንብ ተደግፌ ያየኝ መንገደኛ
“ጠጠር ገብቶባት ነው” ብሎ ያልፋል።
እኔም እንደዚያው ነው የምለው።
ገልብጬ አራግፈዋለሁ፤
ጣቴን እስከ ጫፉ ሰድጄ እፈትሻለሁ፤
ምንም የለም።
መልሼ ስረግጥ ግን ጠጠሩ እዚያው አለ፤
ከመሀል ጣቶቼ ሥር
እንደ ዘር በቀለ።

ሀያ ስድስት ዓመት ቆሜ ነው ያስተማርኩ፤
ጠመኔው በእጄ ሲያልቅ፣ እኔ በእግር አለቅኩ።
“ሀ” ብዬ ስጀምር ወለሉ ጣውላ ነበር፤
አሁን ሲሚንቶ ነው፤
ከሲሚንቶ ጋራ ማን ተሟግቶ ያድር?

ምክር ግን አላጣሁም።
ጎረቤቴ አልታዬ “ብርድ መቶሽ ነው፣ በጨው ውሃ ዘፍዝፊው” አለችኝ።
የሒሳብ መምህሩ “ሪህ ነው” ብሎ ሥጋ ከለከለኝ
(ሥጋ እንዳለኝ ሁሉ)።
የጤና ጣቢያው ልጅ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል፣
“ብዙ አትቁሚ” አለኝ።
ብዙ አትቁሚ!
ደሞዜ መቆሜ ነው፤ ተኝቼ ማን ይከፍለኛል?

የእህቴ ልጅ ስትዳር፣ ሾጣጣ ጫማ አድርጌ፣
“ተነሺ ጨፍሪ” ሲሉኝ በሳቅ ሸሽጌ፣
ከጠረጴዛው ሥር በስውር አውልቄ፣
ዋልኩኝ ከገዛ እግሬ ጋር አንገት ተናንቄ።
ሰው ሲጨንቀው “እግሬ አውጪኝ” ይላል፤
የጨነቀኝ እግሬ ከሆነስ፣
ማን ያውጣኝ?

ቅዳሜ እግር ጥሎኝ
(እግሬ እኔን መጣሉን መቼ ተወ!)
ቱሉ ዲምቱ፣ ገበያው ዳር፣ ከትራንስፎርመሩ ሥር፣
ጋሽ ቱፋን አገኘሁ፤
ጃንጥላው የቢራ፣ ወንበሩ ጀሪካን፣
አፉ ውስጥ ሦስት ሚስማር።

“ታኮውን ምታልኝ” ብዬ ሰጠሁት።
አልመታም።
ገለበጠው፤ በአውራ ጣቱ ዳበሰው፤
እኔ የተማሪ ደብተር እንደማነበው አነበበው።
ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ከአፉ አወጣ።
“ታኮው አዲስ ነው፤ ፊቱ ግን አልቋል።
አንቺ ልጅ፣ በጣቶችሽ ሥር ነው የምትኖሪው።
መቼ ነው የጀመረሽ?”

መቼ እንደጀመረኝ
ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።
ዓይኔ ሞላ። አቧራ ነው አልኩት።
አቧራም ነበር።

ከልባሽ ጫማው ክምር አንድ ጥንድ መዘዘ፤
የወንድ፣ ቡናማ፣ አፍንጫው እንደ ዳክዬ አፍ የሰፋ።
“አስቀያሚ ነው” አልኩት።
“ጫማ ነው፣ የሚዳር ልጅ አይደለም” አለኝ።
ከአሮጌ ከላማዳሪ የባቄላ ፍሬ የምታህል ቁራጭ
ቆረጠ፤ ሞረደ፣ ሞረደ፣ ደግሞ ሞረደ፤
ውስጡ ለጠፋት። ከሚያመኝ ቦታ ላይ አይደለም፣
ትንሽ ከኋላው።
“የደከመ ሰው ከፊት አይጎተትም” አለ፣ ማስቲሹን እፍ እያለ፣
“ከኋላው ደገፍ ያደርጉታል እንጂ።”

ተነሣሁ።
ረገጥኩ።
ጠጠሩን ፈለግሁት፤
ቤት እንደለቀቀ የድሮ ተከራይ
በሩን አንኳኳሁበት።
“ስድስት መቶ ብር” አለኝ፤
በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልከራከር ከፈልኩ።

ሰኞ ክፍሉ ሳቀ፤
“ቲቸር ስንዱ የባሏን ጫማ አድርጋ መጣች!”
ባል የለኝም።
እስከ አራተኛው ክፍለ ጊዜ ግን
ወንበሬን አልፈለግሁም።

ድኛለሁ አልልም።
ዝናብ ሊመጣ ሲል ያመኛል፤
የታክሲ ሰልፍ ሲረዝም ያስታውሰኛል።
ጠጠሩ ደቆ አሸዋ ሆነ እንጂ
ጨርሶ አልሄደም።

ትናንት ማታ ብቻ፣ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ስወጣ፣
አራተኛ ፎቅ፣ ሰባ ሁለት እርከን፣
ጥርሴን ነክሼ ስቆጥረው የኖርኩት፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ሠላሳ አምስት ደረስኩ፤
የአንዱ ቤት ቴሌቪዥን ይጮኻል፤ ልጆች ከታች ኳስ ያንጠባጥባሉ፤
የነገውን ፈተና አሰብኩ፣
የማን ደብተር እንዳልታረመ።

ቁልፌን ከቦርሳዬ ሳወጣ ነው ያወቅኩት፤
ከሠላሳ አምስት በኋላ
መቁጠር ረስቻለሁ።