መርፌው የሚዘልበት ቦታ

ጤና ኮሌጅ ያስተምር የነበረ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ፣
አንድ ካርቶን ሸክላ ለወንድሜ ሰጠው፣
«እስክመለስ ያዘው» ብሎ፤ እንደ ዋዛ።
አልተመለሰም።
እኛም፣ እውነቱን ለመናገር፣ እንዲመለስ አልጸለይንም።

ስንሻው መርፌዋን በሁለት ጣት ይዞ
የተኛ ሕፃን ላይ ነጠላ እንደሚያለብስ ቀስ ብሎ ሲያሳርፋት፣
መጀመሪያ ነፋስ መጣ፣ ከዚያ ኦርጋን፣ ከዚያ የሩቅ ደወል፤
አምስት ደቂቃ ሙሉ ዘፋኙ አይመጣም።
«ተበላሸ እንዴ?» ብለው
«ዝም በል» አለኝ፣ «ገና ቁሙ ነው»።

ገባኝ። የበአታ ልጆች ነን፤
አባታችን መቋሚያ ተደግፎ ሌሊት ሲያነጋ ያየን፣
ቁሙ ሲያዘግም፣ ዝማሜው ሲያዘነብል፣
መረግዱ ሲከብድ፣ ጽፋቱ ሲቸኩል፣
ከበሮው ካለበት ወረቡ እስኪነሣ
ታግሠን ያደግን፣ እንቅልፍ እስኪረሳ።
እና ሃያ ደቂቃ ዘፈን ማንን ሊያስደንቅ?
እኔን የጣለኝ ሰባቱ ነው፦
አንድ ሁለት ሦስት አራት፣ አንድ ሁለት ሦስት፣
እግሬ አራተኛውን ሲፈልግ ወለሉ የለም፤
አንድ ደረጃ የቀረ መስሎህ በጨለማ እንደ መርገጥ።
እዚያው ወደቅሁ። እስካሁን አልተነሣሁም።

በካርቶኑ ግርጌ አንዲት ሴት ነበረች፣
ጊታር ብቻ ታቅፋ ለብቻዋ ያለች።
እንደ ቡርባክስ አዝማሪ ራሷ ገጥማ ራሷ የምታዜም፣
ግን «ተቀበል» የምትለው፣
ግንባሯ ላይ ብር የሚለጥፍላት የሌላት።
እንግሊዝኛዬ ከ«ዚስ ኢዝ» አያልፍም፤
ሳትለኝ ተቀበልኳት።

ኋላ ጊዜው ከፋ።
ሰዓት እላፊ ገባ፤ የፒያሳ መብራት ቀድሞን መተኛት ጀመረ።
ሸክላውን በጨርቅ ጠቅልለን ጎታ ውስጥ፣ ከጤፉ ሥር ቀበርነው።
መጡ። ፈተሹ። ጤፉን በሽቦ ወጉት፤
ሽቦው የሴትዮዋን ሸክላ ጫር አድርጎ አለፈ።
ሸክላዎቹን አላገኙም።
ስንሻውን አገኙት።

ዕድሜ ልኬን አውቶፓርኮ ጥግ ሬዲዮ ጠገንኩ።
ያለኝን ሁሉ ወደ ካሴት ገለበጥኩ፣
ቴፑ ሲበላው በእስክሪብቶ እያጠነጠንኩ፣
ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እያሰጣሁ።
ደንበኛ ይገባል፤ «ይሄ ሰውዬ ያመዋል?» ይላል፣ ስለ ዘፋኙ ይሁን ስለ እኔ።
አንዴማ አዘዞ፣ የፈንቴ ሠርግ ላይ ደፍሬ ከፈትኩት፤
እስክስታው ሰባቱ ጋ ሲደርስ ትከሻ ከትከሻ ተጋጨ፣
ሙሽራዋ ብቻ ሳቀች።
ልጆቿ አሁን ሲያዩኝ «ሰባት ቁጥር» ይሉኛል። ይበሉኝ።

ሴትዮዋን ግን ለሰው አላሰማም።
ሦስተኛው ዘፈኗ ማብቂያ፣ ሽቦው የጫረው ጋ፣
መርፌው ይዘላል፤ አንድ ቃል ይጎድላል።
እዚያች ጉድጓድ ውስጥ ስንሻውን አኖርኩት።
በየምሽቱ ልትጠራው ስትል ትዘለዋለች፣
በየምሽቱ ስሙን እሞላላታለሁ።

ባለፈው ክረምት ማስረሻ መጣ፣
አባቱ በተወሰደ በአራተኛው ወር የተወለደው፣
ሐዘኑን እንዲያስረሳ ስም የተጣለበት፤
አሁን ሸብቷል፣ እንግሊዝኛ ያስተምራል።
ስልኩን ነካ ነካ አድርጎ «ይቺ ናት?» አለኝ።
እሷው። ጥርት ብላ፣ ጭረት የሌላት።
«ምንድን ነው የምትለው?» አልኩ፣ አርባ ዓመት ያልጠየቅሁትን።
አዳመጠ። ፈገግ አለ። «ስለ ውሻዋ ነው።
መሽቷል፣ ዝናብ መጥቷል፣ በሩን አልዘጋሁም ትለዋለች።»
«እና መጨረሻ ላይ ያለው ቃል?»
«እሱማ... ግባ ነው። ግባ።»

ውሻ!
ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ማስረሻም ሳቀ፣
ሳቁ የማን እንደሆነ ሳያውቀው።
ከዚያ የሱቁ ቆርቆሮ ላይ ዝናቡ መጣ፤
ስንት ስንት እንደሚመታ አልቆጠርኩም።

ጥርት ያለችውን ስልኬ ላይ ጫነልኝ። አመስግኛለሁ።
ሳንጎራጉራት ግን፣ ያቺ ቦታ ስደርስ፣
አሁንም እዘላለሁ።