የእምቢታ ጸሐፊ

ሥራዬ እምቢታ ነው፤ «እምቢ» የማይል እምቢታ፤
የሁለት ዓመት ድካምን በአራት መስመር ሰላምታ
ከደጅ መመለስ፣
እሱ ሳያኮርፍ፣ የእኛም ስም ሳይረክስ።

በታሊን ወደብ ዳር፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣
መርከብ በረዶ ሰብሮ ሲገባ ከሩቅ ሲታይ፣
ተቀምጬ አነባለሁ፤ በዓመት ዘጠኝ መቶ
ሥዕል ይላክልናል፣ ቀስቱ ሽቅብ ወጥቶ።
ሁሉም ቀስት ይወጣል። እስከ ዛሬ አላየሁ
ቁልቁል የሚያይ ቀስት ይዞ የመጣን ሰው።

አለቆቼ፣ ሬይን እና ኡርማስ፣ ገንዘቡን «ዘር» ይሉታል።
እኔ የማውቀው ዘር አፈር ይመርጣል፣ ዝናብ ይጠብቃል፤
የእነሱ ዘር ሌላ ነው፤ በዐሥር ማሳ ይበተናል፣
ዘጠኙ እንደሚደርቅ አስቀድሞ ይታሰባል፤
ዐሥረኛው ግን ዋርካ ይሁን፣ ሰማይ ይንካ በሦስት ዓመት፤
«ጎመን በጤና» ማለት በዚህ ፎቅ ላይ ኃጢአት።

ኬርቱ ከታርቱ መጣች፣ በጥር፣ በማለዳው ባቡር፣
ከጫማዋ የቀለጠ በረዶ ምንጣፉን ሲያዥጎረጉር።
ሥዕል አላመጣችም። ጠረጴዛው ላይ አኖረች
የሳሙና ሣጥን የምታህል ግራጫ ዕቃ፤ እንዲህም አለች፦
«ጆሮ ናት። ከተማው በሚሞቅበት የፍል ውሃ ፓምፕ ላይ
ትለጠፋለች። በሆዷ ኮምፒውተር አለ፣
ሦስት ክረምት ቁጭ ብዬ መስማት ያስተማርኩት።
ፓምፑ ሊሰበር ሳምንት ሲቀረው ድምፁን ይለውጣል፤ ታውቃለች፤
ሰው ብርድ ሳይነካው በፊት ለጠጋኙ ትነግራለች።»

ኡርማስ ጠየቀ፦ «በዓለም ላይ ስንት ፓምፕ አለ?»
«አላውቅም» አለች። «በታርቱ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።
ሁሉንም ሰምቻቸዋለሁ።»
ሬይን ሳቀ። ሳቁ ደግ ነው፤ ዓይኑ ግን ሰዓቱ ላይ ነበር።
እኔ ብቻ ሣጥኗን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ፤
ምንም። የራሴን ደም ብቻ ሲሄድ ሰማሁ።

ማታውን ጻፍኩላት፦ «ውድ ኬርቱ፣ ሥራሽ እጅግ ማርኮናል፤
ለጊዜው ግን ለእኛ ገና ነው፤ ሌላ ቀን ያገናኘናል።»
«ለጊዜው» የምትለው ቃል የእኔ ናት፤ እኮራባታለሁ፤
ግድግዳ ናት፤ በር እንድትመስል እጀታ ሥዬባታለሁ።

ሁለት ሚሊዮን ዩሮ ሰጠን በዚያው ሳምንት፣
በስልክ ተርጉመን እናሰማ ላሉ የድመት ጩኸት።
ቀስታቸው ሽቅብ ነበር።
ድመቶቹን የጠየቀ አልነበረም።

ሁለት ክረምት አለፈ። ገንዘቡ ነደደ፤
ለመነሣት የተንደረደርንበት ሜዳ ከእግራችን ሥር ተናደ።
ለካ ባለ ገንዘብም የራሱ ባለ ገንዘብ አለው፤
ለካ ሰጪውም ለማኝ ነው፤ የሚቆምበት ደጅ ነው የሚለየው።
በስቶክሆልም፣ የጡረተኞችን ገንዘብ በሚጠብቅ ቢሮ፣
ሦስታችን ክራቫት አንቀን፣ ልባችን እንደ ከበሮ፣
ሥዕላችንን ዘረጋን፤ ቀስቱ ሽቅብ ወጥቶ።
ሲግብሪት የምትባል ሴትዮ መነጽሯን አወረደች።
«ድመት?» አለች።
ዝም አልን።

ደብዳቤው በሳምንቱ ደረሰ፤ አራት መስመር፤ ለስላሳ፤
«ለጊዜው» ሦስተኛው ላይ አለች፤ ማንም እሷን አልረሳ።
እጀታውን ያዝኩት።
ቀለሙ እጄ ላይ ቀረ።

ቢሮው ሲዘጋ ወረቀቴን በካርቶን አሽጌ፣
ከቤቴ ሥር ወዳለው ምድር ቤት ወረድኩ፤ መብራቱን ፈልጌ
ሳላገኝ ቆምኩ። ውጭው ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት።
በጨለማው አንዲት አረንጓዴ ነጥብ አየሁ፤
ፓምፑ ላይ፣ የሳሙና ሣጥን የምታህል።
ኋላ ሰማሁ፦ ከማንም ሳትበደር፣ ድርሻዋን ሳትሸጥ፣
ሦስት ከተሞች በፓምፕ ቆጥረው በየወሩ ይከፍሏታል፤
አምስት ሠራተኛ፤ አንድ አሮጌ መኪና። ጎመን ናት። በጤና።

ካርቶኑን አስቀምጬ ጆሮዬን በጋለው ብረት ላይ አሳረፍኩ።
ፓምፑ አንድ ነገር ይላል፤ ደግሞ ደጋግሞ ይላል፤
ምን እንደሆነ
እሷ ታውቃለች።